በወዳጅ የሥራ ቤት ስለሚደርስ ጉዳት፤ የመሣሪያ ባለቤት ኃላፊነት አጭር ታሪክ

ይህን ጥናት ለመጻፍ ያነሣሣኝ በቤተ መጻሕፍት ያገኘሁት ነገር ሳይሆን በአንድ ወዳጄ ግቢ ውስጥ የደረሰ አደጋ ነው። አራት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን አንድ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ክብ መጋዝ፥ አንድ ሞርሳ፥ ጥቂት መሮና መላጊያ ገዛንና ከመካከላችን የአንዱ አባት በፈቀዱልን ሰርቪስ ቤት ውስጥ አስቀመጥናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እየተሰበሰብን ወንበር፥ የመጻሕፍት መደርደሪያና የመሳሰለውን እንሠራ ነበር። አንድ ቀን ከመዋጮው ያልነበረ አምስተኛ ጓደኛ ለእኅቱ የልብስ ሣጥን ልሥራ ብሎ መጣ። የመጋዙ መከለያ ወፍራም ጣውላ አላሳልፍ ስላለ ከብዙ ሳምንት በፊት አንዳችን ፈትቶት ነበርና፥ ጣውላው በድንገት ሲዘልበት የግራ እጁ አውራ ጣት ጫፍ ተቈረጠ።

ከሐኪም ቤት ከተመለስን በኋላ በዚያው ምሽት ክርክር ተነሣ። አንዱ «መጋዙን የያዘው እርሱ ራሱ ነው» አለ። ሁለተኛው «መከለያውን የፈታው ይክፈል» አለ። ሦስተኛው ነገሩ የቤቱን ባለቤት ይመለከታል ሲል፥ አራተኛው ሁላችንም እኩል እንክፈል አለ። ጣቱ የተቈረጠው ጓደኛችን ግን እጁን እንደ ታሰረ ተቀምጦ «በወዳጅ ቤት የደረሰብኝን ምን ብዬ እከሳለሁ?» ሲል መለሰ። ከአምስቱ መልስ ሁሉ ይልቅ በአእምሮዬ የቀረው ይህ የመጨረሻው ነው። ወዳጅነት በእርግጥ የካሣን መብት የሚያስቀር ነገር ነውን? ወይስ ይህ የእኛ ይሉኝታ ብቻ ነው?

መልሱን ስፈልግ ጥያቄው እጅግ አሮጌ መሆኑን አየሁ። ደግሞም በሕግ ታሪክ ውስጥ የጓደኛዬን አሳብ የሚደግፉ ታላላቅ ዳኞች እንደ ነበሩና ይህም አሳብ ለመቶ ዓመት ያህል በእንግሊዝ አገር እንደ ሕግ ሆኖ መቈየቱን ተረዳሁ። ጸሐፊው የታሪክ ተማሪ እንጂ የሕግ ዐዋቂ ስላልሆነ፥ የሕግ ትምህርት ቤት ወንድሞች ስሕተት ቢያገኙ እንዲያርሙት አስቀድሞ ይለምናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዘመኑ የተቈጠረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የመሣሪያ አደጋ ነገር በኦሪት ውስጥም አለ። በዘዳግም ምዕራፍ 19 ሁለት ባልንጀሮች እንጨት ሊቈርጡ ወደ ዱር ሲሄዱ የመጥረቢያው ብረት ከእጀታው ወልቆ አንዱን ቢገድለው፥ ሌላው ወደ መማጸኛ ከተማ ሸሽቶ እንዲድን ታዟል። በዚያ ሕግ የሚጠየቀው በመካከላቸው የቈየ ጠብ መኖር አለመኖሩ ነው፤ ስለ መጥረቢያው እጀታ ግን ምንም አልተጠየቀም። እጀታው ልል መሆኑን ማን ያውቅ ነበር? መጥረቢያውስ የማን ነበር? በነገሥት መጽሐፍ ደግሞ ከነቢዩ ከኤልሳዕ ጋር ከነበሩት አንዱ እንጨት ሲቈርጥ የመጥረቢያው ብረት ዮርዳኖስ ውስጥ ሲወድቅበት የጮኸው በውሰት ያመጣው ስለ ነበረ ነው። በአንደኛው ታሪክ የሰው ሕይወት አለ፤ በሁለተኛው የተዋሰው ሰው ጭንቀት አለ። የአዋሹ ኃላፊነት ግን በሁለቱም ውስጥ የለም።

ይህን የአዋሹን ኃላፊነት በግልጥ አንሥተው የተከራከሩበት የሮማ የሕግ ሊቃውንት ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የወጣው የአኪሊያ ሕግ በጥፋት ንብረት ያበላሸ ወይም የሌላውን ባሪያ የገደለ እንዲከፍል ያዝዝ ነበር። ከዚህ ሕግ በመነሣት ሊቃውንቱ የጻፉትን ትንታኔ ንጉሠ ነገሥቱ ዮስጢንያኖስ በ533 ዓመት ዲጀስት በተባለው ታላቅ መድበል ውስጥ አሰባስቦታል። ይህ መጽሐፍ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ሳይሆን ስለ ጫማ ሰፊ፥ ስለ ጠጕር ቈራጭ፥ ስለ ዛፍ መልማይ የሚናገርበት ቦታ ብዙ ነው፤ ስለዚህም የእጅ ሥራ ታሪክ የሚወድ ሰው ሊያነበው ይገባል። ጫማ ሰፊው ተማሪውን በጫማ ቅርጽ መትቶ ዓይኑን ያጠፋበት ነገር እዚያ ይገኛል።

ከሁሉም የታወቀው ግን የጠጕር ቈራጩ ነገር ነው። ሰዎች ኳስ ሲጫወቱ ኳሱ የጠጕር ቈራጩን እጅ መታውና፥ በምላጭ ይላጭ የነበረው ባሪያ ጕሮሮው ተቈረጠ። ጥፋቱ የማን ነው? ኡልፒያኖስ የቀደሙትን ሊቃውንት አሳብ ሲዘረዝር፥ ጥፋቱ በማን እንደ ተገኘ እርሱ ይጠየቅ የሚል አለ፤ ፕሮኩሉስ ደግሞ ኳስ በሚዘወተርበት ስፍራ ወንበሩን የዘረጋው ጠጕር ቈራጭ ነው አጥፊው ይላል። በመጨረሻ የሚመጣው አሳብ ለእኛ ነገር እጅግ ይቀርባል፤ ይኸውም አደገኛ ስፍራ ለተቀመጠ ጠጕር ቈራጭ ራሱን አሳልፎ የሰጠ ሰው በራሱ ያማርር የሚል ነው። እንግዲህ ገና በዚያ ዘመን «ዐውቀህ ነው የገባኸው» የሚለው መከላከያ ተገኝቷል ማለት ነው።

ስለ ዛፍ መልማዩ ፓውሎስ (ሐዋርያው ሳይሆን የሕግ ሊቁ) የጻፈውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። መልማዩ ቅርንጫፍ ወደ መንገድ ሲጥል «ተጠንቀቁ» ብሎ ሳይጮኽ አላፊ አግዳሚ ቢገድል ይጠየቃል። ሙኪየስ የተባለው የቀድሞ ሊቅ ግን ይህ በግል ይዞታ ውስጥ ቢሆንም በጥፋት ሊያስከስስ ይችላል ብሎ ነበር። የግቢ አጥር መኖሩ ብቻ ከኃላፊነት አያድንም ማለቱ ነው።

የውሰት ሕጋቸው ከዚህ ይበልጣል። መሣሪያ በነጻ የተዋሰ ሰው ጥቅሙ የእርሱ ብቻ ስለሆነ ከፍ ያለ ጥንቃቄ ይጠበቅበታል፤ ከተፈቀደለት ሥራ ውጭ ቢገለገልበትም በሌብነት ሊከሰስ ይችላል። ወደ አሪኪያ ለመሄድ ፈረስ ተውሶ ከከተማይቱ አልፎ ዳገቱን የወጣ ሰው በዚሁ ምክንያት እንደ ተፈረደበት የሮማ ጸሐፊዎች ተርከዋል። አዋሹስ? ጋይዮስ ስለዚህ የጻፈው ጥቂት መስመር ቢሆንም ከእርሱ በኋላ በመጣው ታሪክ ሁሉ ተደጋግሞ ይሰማል። የሚያፈስ ማድጋ መሆኑን እያወቀ ያዋሰ ሰው፥ የተቀዳበት ወይን ወይም ዘይት ቢፈስ ወይም ቢበላሽ ይክፈል ይላል። እንግዲህ የአዋሹ ኃላፊነት የተመሠረተው በማወቁ ነው፤ ያላወቀው ጕድለት በነጻ ባዋሰው ሰው ላይ አይቈጠርም። በዚያው ክፍል መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሁለት ሰዎች የጋራ ወዳጃቸውን ራት ጠርተው፥ አንዱ ግብዣውን ሊያሰናዳ ሌላው የብር ዕቃውን ሊያውሰው ቢስማሙ፥ ጥቅሙ የሁለቱም ስለሆነ ኃላፊነቱ እንዴት ይለካ የሚል ክርክር አለ። ሦስት ወዳጆች፥ አንድ ዕቃ፥ የጋራ ጥቅም፤ ይህን ሳነብ ሰርቪስ ቤታችን ትዝ አለኝ።

ከሮማ ወደ እንግሊዝ የሚያሻግረን በ1703 የተፈረደው የኮግስና የበርናርድ ነገር ነው። በርናርድ የኮግስን የብራንዲ በርሜሎች ከአንድ ምድር ቤት ወደ ሌላ በነጻ ላዛውርልህ ብሎ በቸልተኝነት አፈሰሰው። ገንዘብ ያልተቀበለ ሰው ስለ ምን ይከፍላል ተብሎ ቢከራከርም ተፈረደበት። ዋናው ዳኛ ሆልት በዚህ ፍርድ ላይ የዐደራንና የውሰትን ዐይነት በስድስት ከፍለው ሲያስረዱ አብዛኛውን ከሮማ ሕግ ወስደዋል። ከዚህ በኋላ ሥራን በነጻ መሥራት በራሱ መከላከያ ሊሆን አልቻለም።

ሆኖም ይህ ስለ ዕቃ እንጂ ስለ ሰው አካል አልነበረም። የእንግዳው አካል ሲጐዳ የእንግሊዝ ዳኞች ሌላ መንገድ ያዙ። በ1856 በሳውዝኮትና በስታንሊ መካከል በተደረገው ክርክር፥ ከሳሹ በተከሳሹ ሆቴል በእንግድነት ተጋብዞ ሲወጣ የመስተዋቱን በር ሲገፋ መስተዋቱ ወድቆ አቈሰለው። ዳኞቹ ካሣ አይገባውም አሉ። ምክንያታቸው ሊደነቅ የሚገባው ነው። እንግዳ በቤቱ ውስጥ እስካለ ድረስ እንደ ቤተ ሰብ አንዱ ነው፤ ቤተ ሰብም የቤቱን ጕድለት ከባለቤቱ ጋር ይካፈላል ተባለ። ከ19 ዓመት በፊት፥ በ1837፥ በፕሪስትሊና በፋውለር ነገር ከመጠን በላይ በተጫነ ሠረገላ ጭኑ የተሰበረ የሥጋ ሻጭ ሎሌ በጌታው ላይ ካሣ እንዳያገኝ ተፈርዶ ነበርና፥ እንግዳው ከሎሌው የተሻለ መብት ሊኖረው አይችልም የሚል አሳብም ነበረበት።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቈይ። የጓደኛዬ «በወዳጅ ቤት ምን ብዬ እከሳለሁ» ማለት የራሱ ጨዋነት ነው። ያንኑ ቃል ዳኛ ሲናገረው ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ጨዋነቱ በተጐጂው ላይ በግድ የተጫነ ይሆናልና። የቤተ ሰብ አባል ነህ የተባለው እንግዳ የቤተ ሰቡን ውርስ አይካፈልም፤ የተሰበረውን መስተዋት ብቻ ይካፈላል።

ከዚህ በኋላ በነበሩት ዓመታት ነገሩ ይበልጥ ግልጥ ሆነ። በ1858 በተፈረደው የብሌክሞር ነገር አንድ የምድር ባቡር ኩባንያ ዕቃ ለሚረከብ ሰው የጭነት ማንሻውን ክሬን ያለ ዋጋ አዋሰው። ተዋሹም ብሌክሞርን እርዳኝ ብሎ ጠራው፤ ክሬኑ ጕድለት ነበረበትና ብሌክሞር ሞተ። ዳኞቹ፥ አዋሽ የሚያውቀውን ጕድለት ሊገልጥ ይገባዋል ካሉ በኋላ፥ ይህ ግዴታ ግን ለተዋሹ ብቻ እንጂ ተዋሹ ለጠራው ረዳት አይደለም በማለት የሟቹን ወገን መለሱ። ጋይዮስ ስለ ማድጋው የተናገረው ቃል ለንደን ደርሷል፤ ግን እጅግ ጠብቦ ደረሰ። የወዳጅ ወዳጅ ከደጅ ቀረ።

በ1866 የኢንደርሞርና የዴምስ ነገር መጣ። ኢንደርሞር የጋዝ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ አሠሪው በዴምስ የስኳር ማጣሪያ ፋብሪካ ያስገባውን የጋዝ መቈጣጠሪያ ሊፈትን ገብቶ ከወለሉ ጋር እኩል በሆነ መከለያ በሌለው ጕድጓድ ወደቀ። ዳኛው ዊልስ ለሥራ የተጠራ ሰው ባለቤቱ ከሚያውቀው ወይም ሊያውቀው ከሚገባው ያልተለመደ አደጋ እንዲጠበቅ መብት አለው ብለው ፈረዱለት። ይህ ፍርድ ለሠራተኛው ትልቅ ድል መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ሕግ ወደ ቤት የሚገባውን ሰው በሦስት ደረጃ መደበ፤ ለሥራ የተጠራ፥ በፈቃድ የገባ፥ ያለ ፈቃድ የገባ። ራት ተጠርቶ የሚመጣ ወዳጅ በየትኛው ይመደባል? የጥሪ ደብዳቤ በኪሱ ቢይዝም ከተጠሩት ጋር አይቈጠርም፤ «በፈቃድ የገባ» ነው የሚባለው። ባለቤቱ ለእርሱ ያለበት ግዴታ ራሱ የሚያውቀውን የተሰወረ አደጋ መንገር ብቻ ነበር። ለወዳጁ መጋዝ ሊጠግን የመጣ ባለሙያ ከወዳጁ ጋር አብሮ ሊሠራ ከመጣ ወዳጅ ይልቅ በሕግ የተጠበቀ ሆነ።

ይህን ልዩነት ያመጣው የጥቅም አሳብ መሆኑ በ1883 በሄቨንና በፔንደር ነገር ይታያል። የመርከብ መጠገኛ ባለቤት በመርከቡ ጎን በገመድ የተንጠለጠለ ርብራብ አቀረበ፤ ገመዶቹ በእሳት የተለበለቡ ነበሩና ተበጥሰው ቀለም ቀቢው ወደቀ። ቀቢው የመጠገኛው ባለቤት ሠራተኛ አልነበረም፤ በመካከላቸውም ውል የለም። ይሁን እንጂ ተፈረደለት። ብሬት የተባሉት ዳኛ ሰፊ የሆነ የጥንቃቄ መሠረት ሊያቆሙ ሞከሩ፤ ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ግን ርብራቡ የቀረበው ለባለቤቱ ሥራ ጥቅም ስለሆነ ነው በሚለው ጠባብ ምክንያት ተወሰኑ። ጥቅም ያለበት ይጠነቀቃል፤ በቸርነት የሰጠ አይጠየቅም። ይህ አሳብ ፍርድ ይመስላል፤ ከተቈረጠው ጣት በኩል ሆኖ ሲታይ ግን የጣቱ ዋጋ በባለቤቱ ትርፍ የሚለካ ይሆናል።

የዚህ ዐይነት ሕግ ለሠራተኛውም እንኳ ብዙ ጊዜ አልበጀውም። በ1951 የጌቶች ምክር ቤት በሆርተን ነገር በ3 ድምፅ በ2 ላይ እንደ ወሰነው፥ በማይበቃ ርብራብ ላይ ቆሞ የወደቀው በያጅ አደጋውን ያውቅ ስለ ነበረ ካሣ አላገኘም። ያለ ሥራው እንጀራ የሌለው ሰው አደጋውን ማወቁ ምን ይጠቅመዋል? የኳስ ተጫዋቾቹ ጠጕር ቈራጭ ነገር እንደ ገና መጣ ማለት ነው።

ለውጡ የመጣው በምክር ቤት ሕግ ነው። የሕግ ማሻሻያ ኮሚቴ በ1954 ባቀረበው አሳብ መሠረት በ1957 የወጣውና ከጃንዩወሪ 1 ቀን 1958 ጀምሮ የጸናው የእንግሊዝ የይዞታ ባለቤቶች ኃላፊነት ሕግ፥ በተጠራና በፈቃድ በገባ ሰው መካከል የነበረውን ልዩነት አስቀረው። ለሥራም ሆነ ለጨዋታ ለመጣ እንግዳ ሁሉ አንድ የጋራ የጥንቃቄ ግዴታ ተደነገገ። በዚህ ሕግ ማስጠንቀቂያ መስጠት ብቻውን አይበቃም፤ ማስጠንቀቂያው እንግዳውን በእርግጥ ከአደጋ የሚጠብቅ መሆን አለበት። ልጆች ከአዋቂ ያነሰ እንደሚጠነቀቁ ባለቤቱ ማሰብ ይገባዋል፤ ባለሙያ ግን በሙያው ውስጥ ካለው የተለመደ አደጋ ራሱን እንዲጠብቅ ሊጠበቅበት ይችላል። እንግዳው ፈቅዶ የተቀበለው አደጋም በባለቤቱ ላይ አይቈጠርም። «ለሚደርሰው ጉዳት አንጠየቅም» ብሎ በር ላይ መለጠፍስ? በ1977 የወጣው ሌላ ሕግ በቸልተኝነት ለሚደርስ ሞትና የአካል ጉዳት እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ዋጋ ቢስ አድርጎታል፤ ይህ ግን የሚመለከተው የንግድ ሥራን እንጂ በቤቱ ከወዳጆቹ ጋር የሚሠራውን ሰው አይደለም።

በአሜሪካ ወዳጅነት መብት የሚያስቀር መሆኑ በሕግ ጭምር ተጽፎ ነበር። ከ1927 ጀምሮ በብዙ ግዛቶች የወጡት የእንግዳ ተሳፋሪ ሕጎች፥ በነጻ የተሳፈረ ወዳጅ ተራ ቸልተኝነት በሆነ ጥፋት አሳፋሪውን እንዳይከስ ይከለክሉ ነበር። የካሊፎርኒያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ዐይነት ሕግ በ1973 ከመሻሩ በፊት፥ በ1968 ሮውላንድ በክርስቲያን ላይ በሚባለው ነገር ወደ ቤቱ ጥያቄ ገብቶ ነበር። አንድ እንግዳ በወዳጁ ቤት መታጠቢያ ክፍል ገብቶ የቧንቧው የሸክላ መክፈቻ በእጁ ውስጥ ተሰበረና የቀኝ እጁን ጅማትና ነርቭ ቈረጠው። የቤቱ ተከራይ መክፈቻው መሰንጠቁን ታውቅ ነበር፤ ለአከራዮቿም ነግራ ነበር፤ ለእንግዳው ግን አልነገረችም። ፍርድ ቤቱ በሁለት ዳኞች ተቃውሞ የሰውን አካል በገባበት ምክንያት መመደብ ትክክል አይደለም አለ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠየቀው ባለቤቱ እንደ አስተዋይ ሰው መጠንቀቁ ነው። ከመመዘኛዎቹም መካከል ለአደጋው መድን መግባት የሚቻል መሆኑ አንዱ ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ መድን ባለበት አገር እንግዳው ወዳጁን ሲከስ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ወዳጁ ሳይሆን ኩባንያው ነውና፥ ይሉኝታው ይቀንሳል።

አሁን ወደ ሰርቪስ ቤቱ እንመለስ። በአገራችን የጋራ ሥራ አዲስ ነገር አይደለም። በደቦና በወንፈል የሚሰበሰብ ሰው የራሱን መሣሪያ ይዞ ይመጣል፤ የሚጐዳውም ቢኖር ነገሩ በሽማግሌ ይታያል። የተጻፈውም ሕግ ከሮማ ጋር ዝምድና አለው። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ በዐረብኛ ተሰናድቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን፥ የነገሥታት የሚባለው ክፍሉ ብዙውን ከቢዛንታይን ሕግ የቀዳ ነው። የፈረንሳዩ የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጸና፥ ስለ ማሽን ከእንግሊዞቹ የተለየ መንገድ ያዘ። ስለ ቤተ ሰብ የነበረው ክፍል ኋላ በሌላ ቢተካም፥ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የሚናገረው ክፍል ዛሬም ይሠራበታል።

በ2028ኛው አንቀጽ በጥፋቱ ሌላውን የጐዳ ካሣ ይከፍላል፤ ይህ በየአገሩ ያለ ነው። በ2081ኛው አንቀጽ ግን የማሽን ወይም የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ማሽኑ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ማሽኑን ያንቀሳቀሰው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። መሰረቁን ካላስረዳ በቀር ጥፋት የለብኝም ማለት አያድነውም። የተጐጂው የራሱ ጥፋት ግን ኃላፊነቱን ሊቀንስ ወይም ሊያስቀር ይችላል። ሕጉ ባለቤቱ አንዳች ጥቅም ሳያገኝ በቸርነት ለተደረገ ግንኙነትም ልዩ ቦታ ሰጥቷል፤ በዚያ ጊዜ ጥፋት መኖሩ እንደ ገና ይጠየቃል። ስለዚህ የሮማው የጥቅም ሚዛን በእኛም ሕግ ውስጥ ተቀምጧል፤ የሳውዝኮት እንግዳ ግን የለበትም። ወዳጅ ስለሆነ ብቻ የቤቱን ጕድለት ይካፈል የሚል ቃል አላገኘሁም።

ይህ በእኛ ነገር ላይ ሲመዘን አንዳንድ ያልጠበቅሁት ነገር ይወጣል። ጉዳቱ በመሮ ወይም በመላጊያ ደርሶ ቢሆን ኖሮ የማሽን አንቀጽ አይነካውም ነበር። መጋዙ የማን ነው ቢባል በመዋጮ ስለ ተገዛ የአራታችን ነው፤ ሰርቪስ ቤቱን በፈቀዱልን አባት ላይ ግን መጋዙን በሚመለከት አይደርስም፤ የቤቱ ባለቤት እንጂ የማሽኑ ባለቤት አይደሉምና። ደግሞም በ2155ኛው አንቀጽ ለአንድ ጉዳት ኃላፊ የሆኑ ብዙ ሰዎች በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ፤ ተጐጂው ሙሉውን ካሣ ከአንዳችን ሊጠይቅ፥ የከፈለውም ከሦስቱ ድርሻቸውን ሊያስመልስ ነው። «እኩል እንክፈል» ያለው ጓደኛችን ሕጉን ሳያነብ ወደ ሕጉ ቀርቦ ነበር፤ እኩልነቱ ግን በመካከላችን እንጂ በተጐጂው ፊት አይደለም። አምስተኛው ጓደኛችን ሣጥኑን ለራሱ ሊሠራ ስለ መጣ እኛ ጥቅም አላገኘንም ብለን ብንከራከርም፥ መከለያውን መፍታታችን ጥፋት አይደለም ለማለት ግን አፍ የለንም። ክሱንም ለማቅረብ ሕጉ ሁለት ዓመት ሰጥቶታል።

እርሱ አልከሰሰም። የወዳጃችን አባት አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ ሁላችንን አስቀመጡን። የማን ቤት፥ የማን መጋዝ፥ ማን ፈታው የሚለውን ክርክራችንን ዝም ብለው አዳመጡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። መከለያው መፈታቱን ለዚህ ልጅ የነገረው ማን ነው? አራታችንም አልተናገርንም። የሕክምናውን ወጪና ከሥራ የቀረበትን ቀን ደሞዝ ለአራት ተካፍለን ከፈልን። መከለያው በማግሥቱ ተገጠመ፤ ወፍራሙን ጣውላ ከዚያ ወዲህ የምናሠነጥቀው ጣውላ መሰንጠቂያ ወስደን ነው።